ፋይናል ፋንታሲን ከየትኛው ልጀምር? ረጅም ተከታታይ ጌም ውስጥ መግቢያ መምረጫ መመሪያ

የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ 16ኛው ደግሞ በ2023። በመሀል 10-2 እና 13-2 የሚባሉ ባለ ሰረዝ ቁጥሮች መጡ። ሪማስተሩ መጣ፣ ሪሜኩ መጣ፣ በወር የሚከፈልባቸው ኦንላይን ጌሞችም መጡ። አዲስ ሰው ይህን ክምር ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "ነገር ከሥሩ" ብሎ ከ1 ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል። ወይ አዲሱን ገዝቶ "ሰው ሁሉ የሚያወራለት ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። እነዚህን ጌሞች በጣም ነው የምወዳቸው፤ ሰው በማይሆነው በር ገብቶ ቤቱን ሳያይ ሲወጣ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለሌሎች ረጅም ተከታታዮችም ይሠራል። እኔ ግን ፋይናል ፋንታሲን ይዤ አሳያችኋለሁ፤ የሌሎቹን ስም የማነሳው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙ እወቁ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የ2ኛው ክፍል ዋና ገጸ ባሕርይ የ1ኛው ክፍል ሰው ነው ወይስ ሌላ? መልሱ የጌሙ መግለጫ ላይ በሁለት መስመር ይገኛል፤ የቀረው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ሰውዬው ያው ከሆነና ታሪኩም ከቀጠለ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ማስ ኢፌክት ጥሩ ምሳሌ ነው። በሦስቱም ጌሞች የምትይዙት ሼፐርድን ነው። በ1ኛው ያዳናችሁት ሰው በ3ኛው ይመጣል፣ ያላዳናችሁት አይመጣም። በ2021 ሦስቱም በአንድ ጥቅል ስለወጡ ከ1 መጀመር ከባድ አይደለም። ትሬይልስ የሚባለው የጃፓን ተከታታይም እንዲሁ ሰፊ ታሪክ ነው፤ አንዱ ክፍል የተወውን ክር ሌላው ያነሳል። የዚያ መነሻ ትሬይልስ ኢን ዘ ስካይ ነው። በ2004 የወጣው ይህ ጌም በ2025 እንደ አዲስ ተሠርቶ ስለወጣ አሁን ለመጀመር ተመችቷል።

ዓለሙ አንድ ሆኖ ሰዎቹና ዘመኑ ከተለያዩ ደግሞ ነፃ ናችሁ። ኤልደር ስክሮልስን ውሰዱ። በኦብሊቪየንና በስካይሪም ታሪኮች መካከል 200 ዓመት ገደማ አለ። ስካይሪምን ከማንም ሳትጠይቁ መክፈት ትችላላችሁ። ያለፈው ዘመን የሚነሳው ጌሙ ውስጥ በምታገኟቸው መጻሕፍትና በሰዎች ወሬ ነው።

ፋይናል ፋንታሲ ከሁሉም የቀለለ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አዲስ ዓለም፣ አዲስ ሰዎች፣ አዲስ ታሪክ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ቾኮቦ የምትባለው የምትጋለብ ቢጫ ወፍ፣ ሲድ የሚባል ሰው (ሁልጊዜ ሌላ ሲድ ነው)፣ የወደቀ ጓድን የሚያነሳው ፊኒክስ ዳውን፣ የአስማቶቹ ስም። እነዚህን አስቀድሞ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ስለዚህ 9ን ሳይነኩ 10ን መጫወት ምንም አያጎድልም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛ፣ ባለ ሰረዝ ቁጥር ማለት ቀጥታ ተከታይ ማለት ነው። 10-2 ከ10 በኋላ፣ 13-2 ከ13 በኋላ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ የድሮ ጽሑፍ ስታነቡ ቁጥሩን አትመኑት። በ1991 አሜሪካ ውስጥ "2" ተብሎ የተሸጠው የጃፓኑ 4 ነበር፤ በ1994 "3" የተባለው ደግሞ የጃፓኑ 6። ቁጥሩ የተስተካከለው 7 በ1997 ሲወጣ ነው። አንድ አንጋፋ ተጫዋች "ከ3 ጀምር" ቢላችሁ የትኛውን 3 እንደሆነ ጠይቁት።

ደረጃ 2፦ እጃችሁ የሚወደውን ውጊያ ምረጡ

ብዙ ሰው ታሪኩን አይቶ ነው የሚመርጠው። እኔ ግን መጀመሪያ ውጊያውን እዩ እላለሁ። ከጠላት ጋር የምታሳልፉት ሰዓት ከትዕይንቱ ሰዓት ይበልጣል። ውጊያው ከሰለቻችሁ የዓለም ቆንጆ ታሪክ ቢሆንም መጨረሻውን አታዩትም።

ረጋ ብሎ ማሰብ የሚወድ ሰው ከሆናችሁ በተራ የሚደረግ ውጊያ ያለበትን ያዙ። ከ1 እስከ 3 ያሉት እንዲህ ናቸው፣ 10ም እንዲሁ። 10 እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት ላሳያችሁ፤ አሠራሩ በጣም የሚያምር ነው። በስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ላይ የተራ ዝርዝር አለ። አሁን ቲደስ፣ ቀጥሎ ጠላት፣ ቀጥሎ ዩና፣ እያለ ይወርዳል። አንድ ትእዛዝ ላይ ስትቆሙ፣ ገና ሳትመርጡት፣ ዝርዝሩ ይቀያየርና ከዚህ በኋላ ማን እንደሚቀድም ያሳያችኋል። የሚዋጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ግን በተራችሁ በአንድ ቁልፍ የቆመውን አውጥታችሁ ከኋላ ያለውን ማስገባት ትችላላችሁ። ፈጣን ተኩላ መሳይ ሲመጣ ቲደስ ይመታዋል። የሚበር ሲመጣ ዋካ ኳሱን ይወረውርበታል። ሰይፍ የማይበግረው ዝልግልግ ፍጡር ሲመጣ ሉሉ በአስማት ትጨርሰዋለች። ቅርፊቱ የጠነከረው ደግሞ የኦሮን ድርሻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጌሙ ይህን አንድ በአንድ ያስተምራችኋል፤ ማንም ሳያስረዳችሁ ሲገባችሁ ታገኙታላችሁ። የማትጠቀሙበት ሰው የለም፤ የማትችሉት ፍጥነትም አይጠየቅም።

ከ4 እስከ 9 ያሉት መሀል ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ቀስ እያለ የሚሞላ መስመር አለው፤ ሲሞላ ትእዛዝ ይቀበላል። እናንተ ስታስቡ ጠላት አይጠብቅም። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ መፍትሔ አለው። ሴቲንግ ግቡና የውጊያውን ዓይነት "ዌይት" ላይ አድርጉት። የአስማት ወይም የዕቃ ዝርዝር ስትከፍቱ ጊዜው ይቆምላችኋል። ይህን ቅንብር ሳያውቁ ጌሙን የተዉ ሰዎች አሉ።

12 ለብቻው የሚቆም ነው። ጓደኞቻችሁ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ቀድማችሁ በሕግ ታዟቸዋላችሁ። "የአንዱ ጓድ ጉልበት ከግማሽ በታች ከወረደ አክመው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያደርጉታል። ነገር ማቀናበር የሚወድ ሰው 12 ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሰሌዳ ጨዋታ ወይም ፕሮግራሚንግ የምትወዱ ከሆነ ይህን አስምሩበት።

እጃችሁ ፈጣን ከሆነና በተራ መዋጋት እንቅልፍ የሚያመጣባችሁ ከሆነ 16 አለላችሁ። እሱ ሙሉ በሙሉ አክሽን ነው፣ ተራ ሳትጠብቁ በፍጥነት የምትመቱበትና የምትሸሹበት፤ የምትይዙትም ክላይቭን ብቻ ነው። አክሽን አስቸጋሪ የሚሆንባችሁ ሰዎችም ታሪኩን ለማየት ብላችሁ ልትጫወቱት ትችላላችሁ። ሲጀምር ታሪክ ላይ የሚያተኩር አማራጭ ያቀርብላችኋል፤ መሸሹንና መምታቱን የሚያግዙ ቀለበቶችም ይሰጣችኋል። አድርጓቸው፣ ምንም ነውር የለበትም።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ቅጂ ያዙ

ሪማስተር ማለት ያው የድሮው ጌም ምስሉና ድምፁ ተወልውሎ ማለት ነው። ሪሜክ ማለት ጌሙ ከዜሮ እንደገና ሲሠራ ነው። ልዩነቱ ገንዘባችሁን ስታወጡ ይጠቅማችኋል።

ከ1 እስከ 6 ላሉት ፒክስል ሪማስተር የሚባለውን ያዙ። በ2021 እና በ2022 ለፒሲና ለስልክ ወጣ፣ በ2023 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኒንቴንዶ ስዊች። ሙዚቃው እንደ አዲስ የተቀነባበረው በዋናው አቀናባሪ በኖቡኦ ኡኤማትሱ ክትትል ነው፤ የ6ን ሙዚቃ በዚህ ቅጂ መስማት ለብቻው ያስደስታል። በኮንሶሉ ቅጂ ድንገተኛ ውጊያዎችን ማጥፋትና የምታገኙትን የልምድ ነጥብ ማባዛት ይቻላል። መንገድ ጠፍቷችሁ አንድ ዋሻ ውስጥ ስትዞሩ ውጊያውን ማጥፋት ትልቅ እፎይታ ነው። ነጥቡን ግን ወደ 4 እጥፍ አታድርሱት። ቦሶቹ (ታሪኩ መሀል የሚገጥሟችሁ ትልልቅ ጠላቶች) በአንድ ምት መውደቅ ከጀመሩ የምታስቡበት ነገር አይኖርም።

7፣ 8 እና 9 በአሁኑ ቅጂያቸው ጊዜን የሚያፈጥን ቁልፍ አላቸው። በተለይ 9 ላይ ያስፈልጋችኋል፤ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ካሜራው ረጅም ዙር ይዞራል። 10 ከ10-2 ጋር በአንድ ጥቅል ይሸጣል። 12 ደግሞ ዞዲያክ ኤጅ በሚለው በ2017 ቅጂ ነው የሚሻለው፤ እሱም ማፍጠኛ አለው።

ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ አትከፉ። ከ1 እስከ 9 ያሉት ሁሉም ስልክ ላይ አሉ። ትንሽ ስክሪን ላይ በደንብ የሚነበቡት የፒክስል ሪማስተር ቅጂዎቹ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ

አሁን በግልጽ ልምረጥላችሁ።

ምንም የማታውቁ ከሆናችሁና አንድ ብቻ ንገረኝ ካላችሁ፣ 10 ነው። በ2001 የወጣ ቢሆንም ምስሉ ዛሬም አይን አይወጋም። ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ ይናገራሉ፤ ከዋና ዋና ክፍሎች የመጀመሪያው እንዲህ ያደረገ እሱ ነው። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አትጠፉም። ዋናው ልጅም እንደ እናንተ ለዓለሙ እንግዳ ነው፤ ቲደስ የሚጠይቀው ጥያቄ የእናንተው ጥያቄ ነው። ከ40 እስከ 50 ሰዓት ያስኬዳል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ትዕይንቶቹን ስኪፕ ማድረግ አይቻልም። ትልቅ ቦስ ፊት ተሸንፋችሁ ስትመለሱ ያንኑ ንግግር እንደገና ታያላችሁ፤ ስለዚህ ሴቭ ማድረጊያ ባያችሁ ቁጥር ጉልበታችሁን ሞልታችሁ፣ ዕቃችሁን አሟልታችሁ እለፉ።

ተረት የምትወዱ ከሆናችሁ 9። ታሪኩ የሚጀምረው ተዋናይ መስለው የመጡ ሌቦች ቴአትሩ መሀል ልዕልት ሊሰርቁ ሲያስቡ ነው፤ ልዕልቷ ደግሞ ራሷ ለመጥፋት ፈልጋለች። ያስቃል፣ ይሞቃል፣ ሳታስቡት ልባችሁን ይነካል። ቪቪ የሚባለውን ትንሽ አስማተኛ ያወቀ ሰው አይረሳውም። ችሎታ የሚገኘው ከምትለብሱት ዕቃ ነው። ዕቃውን በቂ ጊዜ ከለበሳችሁት ችሎታው የእናንተ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብላችሁ አሮጌውን ወዲያው አታውልቁ፣ ትምህርቱን ይጨርስ።

የድሮ ባለ ነጥብ ምስል የማያስቸግራችሁ ከሆነ 6። ለእኔ የተከታታዩ ምርጥ ታሪክ ይሄ ነው። አንድ ብቸኛ ጀግና የለውም፤ የሚጫወቱት ቋሚ ገጸ ባሕርያት 14 ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቁስል አላቸው። መሀል ላይ ስለሚሆነው ነገር ምንም አታንብቡ። እለምናችኋለሁ፣ ምንም።

7ን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት ልትፈልጉት ትችላላችሁ፣ የ1997ቱን ዋናውን ቅጂ አስቀድሙ። የ2020ው ሪሜክ እጅግ ያማረ ነው። ግን የሚሸፍነው ሚድጋር የምትባለውን ከተማ ብቻ ነው፣ የዋናውን መጀመሪያ። ታሪኩን የሠሩት ሰዎች ዋናውን የሚያውቅ ተጫዋችን እያሰቡ ነው የሠሩት። ዋናውን ያላየ ሰው ደስ ይለዋል፣ ነገር ግን ለምን አንዳንድ ቦታ ላይ ሰው እንደሚደነግጥ አይገባውም። ዋናው ላይ ያሉት ጉብጥብጥ ያሉ ሰዎች ካስጠሏችሁና በጭራሽ ካልሆነ፣ በሪሜኩ ግቡ፤ "ክላሲክ" የሚለውን ብትመርጡ ዋናው ገጸ ባሕርይ ክላውድ ራሱ ይዋጋል፣ እናንተ ትእዛዙን ብቻ ትመርጣላችሁ።

የነገሥታትና የጦርነት ፖለቲካ ለምትወዱ 12 ወይም 16። የ16 ታሪክ ደም፣ ባርነትና ወሲብ ያለበት ነው፤ ለልጆች አይሆንም።

ከሰው ጋር መጫወት የምትፈልጉ 14ን ሞክሩ። ኦንላይን ነው፣ ዋናው ቅጂ ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ ነፃ ሙከራው ግን በጣም ሰፊ ነው። የመጀመሪያውን ጌምና ሁለት ማስፋፊያዎችን ይዞ እስከ ሌቭል 70 ያደርሳል፣ የቀን ገደብ የለውም። ሳትቸኩሉ ተጫወቱ፤ አንዴ ከገዛችሁ ወደ ነፃው መመለስ አይቻልም።

አሁን ደግሞ መግቢያ የማይሆኑት። 2 ሌቭል የለውም፤ ጉልበት የሚጨምረው ስትመቱ ነው። ሐሳቡ ደፋር ነው፣ ለጀማሪ ግን አይመችም። 8 እንዲያውም ከእኔ ተወዳጆች አንዱ ነው፣ ግን አስማት ከጠላት እየቀዱ ከጉልበታችሁ ጋር የሚያያይዙበት አሠራር አለው። ያያያዛችሁትን አስማት ከተጠቀማችሁበት ራሳችሁ ትደክማላችሁ። ሌቭላችሁ ሲጨምር ጠላቶቹም አብረው ይጨምራሉ። ሌላ ጌም የለመደ ሰው የሚያደርገውን ካደረጋችሁ ጌሙ ይከብዳችኋል። 15 የታሪኩ አንድ ክፍል ለብቻው በወጣ ፊልም ውስጥ ስላለ ጎደሎ ይመስላል። 13 ለረጅም ሰዓት ቀጥ ያለ ኮሪደር ነው። 1ን የታሪክ ፍላጎት ካላችሁ በፒክስል ሪማስተር ሞክሩት፤ አጭር ነው፣ ከ20 ሰዓት በታች ያልቃል።

ደረጃ 5፦ እስከ የት ድረስ ልታገሥ?

እነዚህ ጌሞች ቀስ ብለው ነው የሚነሱት። አንድ ሰዓት ተጫውቶ መፍረድ አይበቃም። ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ግን ቦታ ብነግራችሁ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ጌም ማንነቱን የሚያሳይበት ቦታ አለው።

10ን ሉካ ከምትባለው ከተማ እስክትወጡ ተጫወቱ። እዚያ የብሊትዝቦል ጨዋታ አለ፣ ግዴታ ነው፣ ብትሸነፉም ታሪኩ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ኳስ ሳትነኩ መጨረስ ትችላላችሁ። 9ን ሊንድብሉም እስክትደርሱ ታገሡት። 7ን ከሚድጋር ወጥታችሁ ሜዳውን እስክታዩ። 6ን እስከ ኦፔራው። እዚያ ደርሳችሁ ምንም ካልተሰማችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ሌላ ዓይነት ውጊያ ያለውን ያዙ።

በመጀመሪያው ምሽት ልታደርጉት የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ሁለት የተለያዩ ሴቭ ያዙ፤ አንዱ ላይ ብቻ እየደረባችሁ አትሂዱ። ዕቃ አትቆጥቡ። ጀማሪ ሁሉ ኤሊክሲር የሚባለውን ጉልበት የሚሞላ ብርቅ መድኃኒት ይሰበስብና አንዱንም ሳይጠጣ ጌሙን ይጨርሳል። ተራ ጠላቶችን ሳትደክሙ ካሸነፋችሁ ሌቭላችሁ ደህና ነው፣ ሜዳ ላይ እየዞራችሁ ሌቭል አታሳድጉ። ቦስ አልወድቅ ካላችሁ ከሌቭሉ በፊት አስማታችሁን ፈትሹ፤ ቡድኑን የሚያፈጥን፣ ጠላትን የሚያዘገይ፣ ምት የሚቀንስ አስማት ብዙ ጊዜ ከአምስት ሌቭል ይበልጣል።

የአጨዋወት ገጾችን ሲከብዳችሁ ብቻ፣ የከበዳችሁን ቦታ ብቻ አንብቡ። የገጸ ባሕርይ ስም ፍለጋ ላይ አትጻፉ። ፍለጋው ራሱ የማን ዕጣ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛውን መምረጥ

10ን ስትጨርሱ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን 10-2 ወዲያው አትክፈቱት። የሚጀምረው በፖፕ ኮንሰርት ነው። ከ10 መጨረሻ ቀጥታ ወደዚያ መግባት ሰውን ያናድዳል። መሀል ላይ ሌላ አስገቡና ቆይታችሁ ስትመለሱበት ውጊያው ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ታያላችሁ።

9ን ከወደዳችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። 9 የተሠራው የድሮዎቹን እያከበረ ነው፤ ቀጥሎ 4፣ ከዚያ 6 ብትሉ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ልብስ እየቀያየሩ ሙያ መለዋወጥ ደስ የሚላችሁ ከሆነ 5ን ጨምሩበት።

7ን ለጨረሰ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዋናው፣ ከዚያ ክራይሲስ ኮር፣ ከዚያ የ2020ው ሪሜክ፣ ከዚያ በ2024 የወጣው የሪሜኩ ቀጣይ ክፍል ሪበርዝ። ክራይሲስ ኮር ታሪኩ ከዋናው የሚቀድም ቢሆንም አታስቀድሙት፤ ዋናው ለሰዓታት ደብቆ የሚያቆየውን ምስጢር እሱ ገና ከጅምሩ ይዞት ይመጣል።